ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት፦ በዓለም ጤና፣ በአዳማና በአካባቢው ቤት ለምትገዙ ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ ውጭ አገር ሆናችሁ በዓለም ጤና፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በሞጆ ወይም በአዳማ ቤት ለመግዛት ላሰባችሁ ነው። ጅዳና ቤይሩት በሰው ቤት እየሠራችሁ ብር ላጠራቀማችሁ እህቶች፣ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ለከፈታችሁ ወንድሞች፣ አሜሪካና አውሮፓ ዜግነት ለቀየራችሁም ነው። ገንዘቡን ተቀብሎ ሻጭ የሚፈልገው፣ ደላላ የሚያነጋግረው፣ የሚፈርመውም እዚህ ያለው ዘመድ ስለሆነ እሱም ያንብበው። ከሞጆ በመቂ በኩል ባቱ የሚደርሰው ፈጣን መንገድ ከተሠራ ወዲህ በዚህ መስመር የመሬት ወሬ የማይነሣበት ሻይ ቤት የለም። ዋጋው ንሯል፤ ደላላውም በዝቷል። «ዛሬ ቀብድ ካልላክሽ ነገ ሌላ ይወስደዋል» የሚለው ስልክ ሌሊት ሁሉ ይደወላል። እንዲህ ያለ ስልክ የደረሳችሁ ቀን ምንም አትላኩ።

በመጀመሪያ መሬት አይሸጥም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው አለ። በሕጋዊ መንገድ መግዛት የምትችሉት በቦታው ላይ ያለውን ቤት ነው። ቦታው በሊዝ ወይም በነባር ይዞታ ይያዛል። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ውል ላይ ሲደረስ ግን ብዙው ሰው እንዳላወቀ ይሆናል።

የገበሬ መሬት አትግዙ። «ሁሉም እየገዛ ነው» ቢሏችሁ፣ «ቀበሌው ያውቃል» ቢሏችሁም አትግዙ። አርሶ አደሩ በመሬቱ የመጠቀም፣ የማውረስ፣ በሕግ በተወሰነ ልክ የማከራየት መብት አለው፤ የመሸጥ መብት የለውም። የኦሮሚያው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 130/1999ም፣ አዲሱ የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1324/2016ም ይህን አልቀየሩም። ስለዚህ ሽያጩ ሌላ ስም ይዞ ይመጣል። ማሳው ጥግ ላይ በሳምንት ውስጥ የጭቃ ጎጆ ይቆምና «የሸጥኩት ቤቱን ነው» ይባላል። አንዳንዴ ገበሬው ከእናንተ የተበደረ ተደርጎ የብድር ውል ይጻፋል፤ አንዳንዴም ስጦታ ይባላል።

ወረቀቱን ያያችሁት ታውቁታላችሁ። ከደብተር የተቀደደ ባለመስመር ሉክ ነው። ከላይ ቀኑ አለ፤ ከመሐል «ውሉን ያፈረሰ ለውል አክባሪው ይህን ያህል፣ ለመንግሥት ይህን ያህል ይቀጣል» የሚል መስመር አለ፤ ከታች የሦስት እማኝ ስምና በቀለም የተነከረ አውራ ጣት። ሽማግሌዎቹ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ የፈረሙትም በቅን ልቡና ነው። ወረቀቱ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ግን ሕግ በከለከለው ጉዳይ ላይ የተደረገ ውል ነውና ፈራሽ ነው። ውል ሲፈርስ ሕጉ ተዋዋዮቹን ወደ ነበሩበት ይመልሳል፦ መሬቱ ለገበሬው፣ ገንዘቡ ለእናንተ። ገንዘቡ ከተገኘ ማለቴ ነው። ከዐሥር ዓመት በፊት 200 ሺህ ብር ከፍላችሁ ከሆነ የምትጠይቁት ያንኑ 200 ሺህ ብር ነው። ወለድ ቢታሰብላችሁ እንኳ ዛሬ በዚያ ብር ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ።

ከተማው ሲሰፋ ደግሞ ካሳ የሚያገኘው ሕጋዊ ባለይዞታ ነው። የመሬት ማስለቀቂያና የካሳ አዋጁ ቁጥር 1161/2011 በጓዳ ውል የገዛን ሰው አያውቅም። የመብራት ቆጣሪ መግባቱ፣ የቀበሌ ሰው መፈረሙ፣ በየዓመቱ አንዳች ክፍያ መከፈሉ ይዞታውን ሕጋዊ አያደርገውም። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት በአዲስ አበባ ዙሪያ ከገበሬ በተገዛ መሬት ላይ የተሠሩ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። እዚያ ውስጥ የነበረው ገንዘብ የብዙ ሰው የዕድሜ ላብ ነበር፤ አሁንም ሲታሰብ ያንገበግባል።

በሌላ አገር ቤት የሚገዛ ሰው ሁሉ ይህ ይገጥመዋል። በደቡብ ስፔን፣ በአልሜሪያ አውራጃ ቬራ በምትባል ከተማ፣ ጡረታ የወጡ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት ከከተማው ምክር ቤት ፈቃድ አግኝተው ቪላ ሠሩ። የክልሉ መንግሥት ግን መሬቱ ለመኖሪያ የተመደበ አይደለም ብሎ ፈቃዱን ተቃወመ፤ ፈቃዱ ተሰረዘና ቤቱ በ2008 እ.ኤ.አ. በዶዘር ፈረሰ። እጃቸው ላይ ማኅተም ያለበት ፈቃድ ነበር። ስለዚህ «ቀበሌ ፈቅዷል» ሲሏችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ፈቃጁ ለዚህ ቦታ የመፍቀድ ሥልጣን አለው ወይ?

ቤቱን በራሳችሁ ስም ግዙ፤ በወንድም፣ በአባት፣ በአክስት ስም አታድርጉ። ይህን ሲያነብ የሚቀየም ወንድም እንዳለ አውቃለሁ። ወንድምን ስለ ማመንና አለማመን እያወራሁ ግን አይደለም። ወንድማችሁ እንደ ቃሉ የሚኖር ሰው ቢሆንም ነገሩ ከእጁ ይወጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 የአስተዳደር አካል የሰጠው የባለቤትነት ማስረጃ በስሙ የተጻፈለትን ሰው ባለቤት ነው ብሎ ይገምታል። ወንድማችሁ ባለትዳር ከሆነ ደግሞ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው የሚል ግምት አለ። ከሚስቱ ጋር ቢፋቱ ሪያድ ተሠርቶ የተገዛው ቤት ለክፍፍል ይቀርባል ማለት ነው። እሷም ብትሆን አጥፊ አይደለችም፤ ካርታውን አይታ የባሏ ቤት ነው ብላ ኖራለች። ወንድማችሁ ቢሞት ቤቱ የልጆቹ ውርስ ይሆናል። ዕዳ ቢኖርበት አበዳሪው ያሳግደዋል።

ያን ጊዜ «ገንዘቡን የላክሁት እኔ ነኝ» ብትሉ ማስረዳቱ የእናንተ ሸክም ነው። ገንዘቡ በሕገ ወጥ ሐዋላ፣ በሰው እጅ የሄደ ከሆነ ደረሰኝ የለም። ደረሰኝ ቢኖር እንኳ ገንዘብ መላካችሁን ያሳያል እንጂ ቤቱ የእናንተ መሆኑን በራሱ አያረጋግጥም። ቤተሰብ ፍርድ ቤት ቆሞ መወነጃጀል ከጀመረ ደግሞ የሚጠፋው ቤቱ ብቻ አይደለም፤ ለቅሶ እንኳ ሳይደራረሱ የሚቀሩ ወንድምና እህት አሉ። እናንተ ወንድሞች፣ የእህታችሁ ገንዘብ ሲመጣ «በስሜ ይሁን፣ ይፈጥናል» አትበሉ። ውክልናውን ጠይቋትና በስሟ ግዙላት።

ዓረብ አገር የምትሠሩ ኢትዮጵያውያን ዜግነታችሁ እንዳለ ስለሆነ በስማችሁ ቤት ለመግዛት የሚከለክላችሁ ሕግ የለም። የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ስሙ ነው። በፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም ወይም ዕድሜ በቀበሌ መታወቂያው ካለው ጋር የማይገጥም ብዙ እህት አለች፤ ለጉዞ ብሎ ደላላ የቀየረው ነው። በዚያ ፓስፖርት የተሰጠ ውክልናና እዚህ የሚወጣ ካርታ ካልተገናኙ፣ በኋላ ማስተካከሉ ሌላ ክስ፣ ሌላ ምስክር ይፈልጋል። ስሙን ከግዢው በፊት አስተካክሉ። የአባትና የአያት ስም አጻጻፍ፣ በአማርኛም በቁቤም በእንግሊዝኛም፣ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ይሁን። ለዕረፍት ስትመጡ የፋይዳ መታወቂያ አውጡ።

ፓስፖርታችሁ የሌላ አገር ከሆነ ነገሩ ይለያል። በዜግነት አዋጁ ቁጥር 378/1996 መሠረት ፈቅዶ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል፤ ጥምር ዜግነት የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 390 የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክላል፤ ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ በቅን ልቡና ይዞ የተገኘው የውጭ ዜጋ በስድስት ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ይታዘዛል ይላል። መፍትሔው ቢጫ ካርድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ የያዘ ሰው ይህ ክልከላ አይመለከተውም። በ2017 ዓ.ም. ግን የውጭ ዜጎች ቤት እንዲኖራቸው የሚፈቅድ አዋጅ ወጥቷል፤ የገንዘብ ወለልና ሌሎችም ሁኔታዎች አሉበትና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በቢጫ ካርዱ መሄዱ ይቀላችኋል። መጀመሪያ ካርዱን አውጡ፣ ከዚያ ቤት ፈልጉ። የድሮው ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ቀኑ አላለፈም ብላችሁ በእሱ አትፈርሙ።

ጠቅላላ ውክልና አትስጡ። ለቤት ግዢ ልዩ ውክልና ስጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 እና 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥና በመያዣ ለመስጠት ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ችግሩ በልማድ የሚገለበጠው የውክልና ጽሑፍ ሁሉንም በአንድ መስመር ማጨቁ ነው፦ «ለመግዛት፣ ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ፣ ከባንክ ገንዘብ ለማውጣት…»። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተሰልፋችሁ ተራ ሲደርሳችሁ ይህን ሳታነቡ አትፈርሙ። እንዲገዛላችሁ ከሆነ «እንዲገዛልኝ» ብቻ ይጻፍ። የትኛው ከተማ፣ የትኛው ቀበሌ፣ የካርታው ቁጥር፣ ከፍተኛው ዋጋ፣ በማን ስም እንደሚዞር ይግባበት። ውክልናን ለሌላ ሦስተኛ ሰው የማስተላለፍ ሥልጣን አትስጡ። ተወካዩ የራሱን ቤት ለእናንተ ቢሸጥ ሕጉ ውሉን እንድታፈርሱት መንገድ ቢሰጣችሁም፣ አስቀድሞ በጽሑፍ መከልከሉ ይሻላል። ቆንስላ ላይ የተፈረመው ውክልና እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ በሰነዶች ማረጋገጫ ይለፍ።

ስለ ውክልና ካነሣን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላው መንገድ ነው። በውክልና የሚሸጥ ቤት አትግዙ። ስም ማዞሩ ግብር ያስከፍላል፣ ቢሮው ቆሟል፣ ቤቱ ገና አላለቀም ይባልና ሻጩ ስም ከማዞር ፈንታ ለገዢው ወይም ለዘመዱ «የማይሻር» ውክልና ይሰጣል። ገንዘቡ ተከፍሏል፤ ቁልፉ ተሰጥቷል፤ ካርታው ግን በሻጩ ስም ነው። ሻጩ ውክልናውን የመሻር መብቱ እንዳለ ነው፤ አልሽርም ብሎ መፈረሙ አስተማማኝ ዋስ አይሆናችሁም። ከሞተ ደግሞ ውክልናው አብሮት ያበቃል። ወራሾቹ ለቅሶው ሳይወጣ ካርታው ላይ ያለው የአባታቸው ስም መሆኑን ያያሉ። አንዱ ቤት በውክልና ለሦስተኛ፣ ለአራተኛ ሰው ተላልፎ ሲገኝ መጀመሪያ የሸጠው ሰው የት እንዳለ እንኳ የሚያውቅ ይጠፋል። ዋጋው ከገበያው ዝቅ ያለው ለዚህ ነው፤ ቅናሹ አያጓጓችሁ።

መሬት አስተዳደር ራሳችሁ ወይም ታማኝ ሰው ሄዶ ፋይሉን ይይ። ደላላው ያሳያችሁ የካርታ ፎቶ ኮፒ ማስረጃ አይደለም። ካርታው ላይ ያለው የካሬ ሜትር ስፋት፣ ኮኦርዲኔቱና የአዋሳኞቹ ስም መሬት ላይ ካለው ጋር ይገናዘብ፤ አንድ ቦታ ሁለት ካርታ ወጥቶለት የተገኘበት ጊዜ አለ። ቦታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ? ነባር ከሆነ በሽያጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባልና የሚመጣውን ክፍያ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ስንት ነው? ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው፤ ለንግድ ከአዲስ አበባ ውጭ 70 ዓመት ነው፤ አገልግሎቱ ምን እንደሆነ ካርታው ላይ ይታያል።

ባዶ ቦታ ወይም መሠረቱ ብቻ የወጣ ቤት ሲያቀርቡላችሁ የሊዝ አዋጁን ቁጥር 721/2004 አስታውሱ። ግንባታው ከግማሽ በታች ሆኖ ሊዙን ማስተላለፍ የሚቻለው በከተማው አስተዳደር ቁጥጥር፣ በግልጽ ሽያጭ ነው። ሻጩም የሚያገኘው የከፈለውን ሊዝ ከነወለዱ፣ የግንባታውን ዋጋና ከሊዝ ሽያጩ 5 በመቶ ነው። ለቪላ ግማሽ የሚባለው መሠረቱ፣ ኮለኖቹና የላይኛው ቢም ሲያልቁ ነው። ከዚያ በፊት በሁለት ሰው መካከል የተደረገ ሽያጭ ስም ሲዞር ይያዛል።

በዚያው ፋይል ዕዳና እገዳ ይጣራ። ባንክ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 በመያዣ የያዘውን ቤት ፍርድ ቤት ሳይሄድ ለጨረታ የማቅረብ ሥልጣን አለው። የፍርድ ቤት እገዳም እንዲሁ ይታይ። ማጣሪያው የተጻፈበትን ቀን እዩ፤ የባለፈው ዓመት ማጣሪያ ዛሬ ምንም አይነግራችሁም። የከተማውን ፕላንም ጠይቁ። ለመንገድ፣ ለአረንጓዴ ቦታ የተያዘ እንዳይሆን፤ አዳማ ደግሞ ጎርፍ የሚወርድባቸው ሰፈሮች አሏትና በክረምት ሄዳችሁ እዩት።

ሻጩ ማን እንደሆነም አጣሩ። ባለትዳር ከሆነ ሚስት ወይም ባል አብረው ይፈርሙ፤ ያለ ሌላው ፈቃድ የተሸጠ የጋራ ቤት ሽያጭ በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል። ላጤ ነኝ ካለ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። የውርስ ቤት ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ላይ ያሉት ሁሉ፣ ውጭ ያለውም ልጅ በውክልና፣ ይፈርሙ። የቀበሌ ቤት ቁልፍ አትግዙ፤ ባለቤቱ መንግሥት ነው።

ውሉን በውል አዋዋይ ፊት አድርጉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይሁን ይላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በዚህ አንቀጽ ላይ ያልተመዘገበን ውል ፈራሽ ያለበት ጊዜ አለ፤ ሻጩ ውሉን ካልካደ የተለየ ትርጉም የሰጠበትም አለ። የእናንተ ገንዘብ በሁለቱ ትርጉሞች መካከል መቆም የለበትም። ኦሮሚያ ውስጥ ካርታውም፣ የፍርድ ቤት ውሳኔውም፣ ብዙ ጊዜ ውሉም በአፋን ኦሮሞ ይጻፋል። ቋንቋውን የማታነቡ ከሆነ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ አስተርጉሙ። ደላላው በቃል የነገራችሁ ትርጉም አይቆጠርም።

ቀብድን እንደ ቀላል አትዩት። በሕጉ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ፋይሉን ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ፤ ስትከፍሉም በጽሑፍ ይሁን። ዋጋውን ለግብር ብላችሁ አሳንሳችሁ አታስጽፉ። ቤቱን በሦስት ሚሊዮን ገዝታችሁ ውሉ ላይ ስምንት መቶ ሺህ ካላችሁ፣ ውሉ የፈረሰ ቀን ወረቀቱ የሚናገርላችሁ ስለ ስምንት መቶ ሺህ ብቻ ነው። ግብሩን፣ የቴምብር ቀረጡን፣ የደላላውን ኮሚሽን ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ጻፉ።

ገንዘቡ በባንክ ይሂድ። ለሻጩ ዘመድ ዱባይ ወይም ሚኒሶታ ላይ በዶላር ከፍሎ እዚህ ቤት መረከብ ሕገ ወጥ ነው፤ ካርታው ቢዞርም የከፈላችሁበት ማስረጃ የላችሁም። ከራሳችሁ ሒሳብ ወደ ሻጩ ሒሳብ፣ ምክንያቱ «ለቤት ግዢ» ተብሎ ይላክ። የመጨረሻው ክፍያ ስሙ ሲዞር ይሁን፤ ስም ሳይዞር ሙሉውን የከፈለ ሰው ሻጩን የሚያስቸኩልበት ነገር አይቀረውም።

ቤቱን ከገዛችሁ በኋላ ዋናው ካርታ የት እንደሚቀመጥ ወስኑ፤ የቤትና የቦታ ግብሩም ሆነ የሊዙ ክፍያ በየዓመቱ በስማችሁ ይከፈል፤ ደረሰኙ በስልክ ይላክላችሁ። ተከራይ ከገባ ውሉ በእናንተ ስም ይሁን።

ቀድሞ የሰጣችሁት ጠቅላላ ውክልና ካለ ደግሞ ዛሬውኑ አውጥታችሁ አንብቡት። «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚል ካለበት ቀርባችሁ ሻሩት፤ መሻሩንም ለተወካዩ፣ ለሰነዶች ማረጋገጫውና ለመሬት አስተዳደሩ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ካላሳወቃችሁ በድሮው ወረቀት የሚሸጥ ሰው ሊኖር ይችላል።